ሁለት ባልዲ

"ነጭ መኪና ገበና ይሸፍናል" ሙሄ በአጥር ይመክራል፣
"ጥቁር ግን የዋለበትን፣ ያደረበትን ይናገራል።"
እውነቱን ነው።
የሚሌ አቧራ፣ የሐረጎ ጉም ጥሎት ያለፈ ጠብታ፣
የወፍ ኩስ፣ የሬንጅ ፍንጣሪ፣ የጎረምሳ ጣት፣ የጎረምሳ ቧልታ፣
ሁሉም ጎኑ ላይ ይነበባል፤
ጽዳት እወዳለሁ ማለት ለአፍ ብቻ ይቀላል።

እሑድ ነው፣ ገና ማለዳ፤ የጎፍ ጭጋጉን ሳያወልቅ፣
ፀሐይ ብረቱን ሳታግል፣ ሳሙናው ላዩ ላይ ሳይደርቅ፣
ሁለት ባልዲ አወጣለሁ። ሁለት። አንድ አይበቃም፤
ይህን ለመማር የከፈልሁትን ሙሄም እንኳ አያውቅም።
አንዱ ለአረፋው፤ ሌላው ለጨርቁ፣ ሲቆሽሽ መንከሪያ፣
አሸዋው ከግርጌው ይተኛል፤ ያ ነው የእሱ ማደሪያ።
ኦሞ አላስጠጋም። ኦሞ ለቱታ ነው፤ ቀለም ይልጣል፣
ከደሴ ፒያሳ የገዛሁት ሻምፖ በክዳን እየተለካ ይወጣል።

ኢብሬ ውሃ ያመላልሳል፤ ቧንቧው ሐሙስ ነው የመጣ፣
ሦስት ጀሪካን አስቀርተናል፣ "ለመኪና?" ብላ ዘምዘም እስክትቆጣ።

ከካቢናው ጣራ ይጀመራል፤ ወደ ታች ነው የእድፍ ሕጉ፣
ጎማ መጨረሻ ይደርሰዋል፤ እንደ ሥራው፣ እንደ ማዕረጉ።
እጄ በቀጥታ ይሄዳል፣ በርዝመት፣ እንደ በሬ ፈር፣
በክብ ማሸት ነውር ነው፤ በክብ ያሸ ሰው ይፈር።

ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች።
ከግንባሩ እስከ ስፖንዳው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ፣
ድር ይታያል፤ የሸረሪት፤ ቀጭን፣ ክብ ክብ፣ የሌለው መጨረሻ።
ሸረሪቱ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ፣
ከተማው በሩን ዘግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ፣
የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ዓይን ሲስብ፣ መዘዝ ሲያመጣ፣
በሌሊት ከቦርከና ዳር ጭቃ በቁና ዝቄ፣
ይህን ጥቁር አይሱዙዬን በገዛ እጄ ለቅልቄ፣
መስታወቱን፣ መብራቱን፣ "ሶብር" የሚለውን ከግንባሩ፣
ቤት እንደሚመርግ ሰው፣ ጭድ ጨምሬ፣ እስከ በሩ፣
ከባሕር ዛፍ ሥር አቁሜ፣ ቅጠል ደርቤበት ሄድሁ።
በእግር። ዘምዘም ከፊት፣ ኢብሬ ጀርባዬ ላይ ተኝቶ።

ስንመለስ ቆሞ አገኘሁት፣
ጭቃው ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ የፈረሰ ቤት ግድግዳ መስሎ።
ያን ቀን ማን ውሃ ይጠብቃል? ማን ባልዲ ይቆጥራል?
በደረቁ ጠረግሁት። በነጠላዋ፣ በእጅጌዬ፣ በክንዴ፣
እያዞርሁ፣ እያዞርሁ፣
"አለ! ዘምዘም፣ አለ!" እያልሁ፣
አሸዋው ቀለሙን ሲቧጥጥ ጆሮዬ የት ነበረ?

ጋራዥ ያለው ባለ ማሽን "ላንሳልህ፣ እንደ አዲስ" ይለኛል።
ቀለም ግን ቆዳ ነው፤ ባሹት ቁጥር ይሳሳል፤
ደግሞስ ከሱ ሥር ያለው ብረት፣ የኮምቦልቻ ክረምት ይበላዋል።
ተወው፣ አልሁት። ይቆይ።

አሁን ሰም ነው። ጥቂት፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ፣
ከአሮጌ ጋቢ በተቀደደ ጨርቅ፣ በስሱ የምትለሰልስ።
"ወርቁስ?" ይላል ሙሄ፣ ክንዱን አጥሩ ላይ ጥሎ።
ወርቁን አልጨመረልኝም፤ ልጁ የሰሙን ብቻ ነው ያስከፈለኝ።
እስኪደበዝዝ እጠብቃለሁ፤ እንደ መስኮት ትንፋሽ፣
ከዚያ በንጹሑ ጎን እጠርጋለሁ፤ ጥቁሩ ይመጣል፣ ጥልቅ፣
የሙሄ ፊት፣ አጥሩ፣ የጎፍ ተገልብጦ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ።
ድሩ አልጠፋም። ሰሙ ሞላው እንጂ፤ ሦስት ወር ያህል ይይዛል።

ኢብሬ ጣቱን ነክሮ ጠብታ ይጥልበታል፤
ጠብታዋ ትድቦለቦላለች፣ ትሮጣለች፣ ይስቃል።
ነገ ሚሌ ነን። አቧራው እዚያ ይጠብቀናል።
ባልዲዎቹን ሲደፋ ቆም ይላል፣
ከአንዱ ግርጌ የቀረውን አሸዋ በመዳፉ እየዛቀ፣
"አባዬ፣ ለምን ሁለት? አንድ አይበቃም?"

አይበቃም፣ አልሁት።
ጭቃውን አልነገርሁትም።